የተመለሱት ወንበሮች

የካቲት 2

ይህን ደብተር የገዛሁት ነቀምቴ ለምትማረው ልጄ ለሎዛ የምልከውን ዕቃ ልጽፍበት ነበር። ሁለት ገጽ ከጻፍኩ በኋላ «እማ፣ ምንም አትላኪልኝ፣ እዚህ ሁሉም አለ» አለችኝ። ባዶ ወረቀት መጣል አልወድም።

ትናንት እሁድ ኢተፋ ሰበከ። ባለቤቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የቀርከሃ ወንበር ይሠራል፣ እሁድ ይሰብካል። ከነጆ ወደ አሶሳ ስንመጣ የያዘው አንድ መጋዝና አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነን። ሁለቱም አሁንም ከእጁ አልጠፉም።

ስብከቱን በስልኬ ቀረጽኩት። አርባ ደቂቃ ነው። መጨረሻው ላይ «ምድሪቱን እንወርሳለን!» ሲል ሰው ሁሉ ተነስቶ ቆመ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ይህ የተለመደ ቃል ነው። በየጸሎቱ ይባላል፣ በየመዝሙሩ አለ። ትናንት ግን ከአፉ እንደ አዲስ ወጣ።

ዛሬ ጧት ሱቅ ከፍቼ ኮምፒውተር ላይ ቆረጥኩት። አርባ ደቂቃ የሚሰማ የለም። ደቂቃ ተኩል ግን ሰው ሰምቶ ለጎረቤቱ ይልካል። ሚሞሪ ሊያስጭን ለሚመጣ ሁሉ ከመዝሙሮቹ ጋር እደርብለታለሁ።

ሼህ ሐምዳን ከተቀበሩ ሳምንት አልሞላቸውም። ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ ኢተፋ ነበር። ቤታችንም፣ ሱቄም፣ የእሱ ወንበር መሥሪያም ያሉት በሳቸው ቦታ ላይ ነው። «ሥራበት፣ ኑርበት» ብለው በአፋቸው ሰጡን። ወረቀት አልጻፉም፣ እኛም አልጠየቅንም። ኢተፋ እዚህ የሠራውን የመጀመሪያ ወንበር ለሳቸው ነበር የሰጠው። እስኪሞቱ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠውበታል።

የካቲት 6

ሥራ በዛ። ያቺ ደቂቃ ተኩል በየሰዉ ስልክ ላይ አለች። ባጃጅ ውስጥ ሰማኋት፣ ወፍጮ ቤት ሰማኋት። ኢተፋን ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ይጨብጠዋል። ከወትሮው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

የካቲት 10

ዲማ መጣ። የአገራችን ልጅ ነው፣ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል፣ ስብሰባ ባለበት ሁሉ አይጠፋም። ኢተፋ በግሉ ለክልል ምክር ቤት ይወዳደር ይላል። ምክንያቱን በጣቶቹ ቆጠረ፦ ሰባኪ ነው፣ ባለሙያ ነው፣ የአገሬውን ቋንቋ በርታኛ ይናገራል፣ እጁ ከሰው ገንዘብ ንጹሕ ነው። ያ ቪዲዮ ደግሞ ሥራውን ጨርሶታል አለ። ቪዲዮ አይደለም፣ ድምፅ ነው፣ አልኩት። ሳቀ።

ኢተፋ «እጸልይበታለሁ» አለ። እንዲህ ሲል የወሰነው ነገር እንዳለ አውቃለሁ። እኔም አልተቃወምኩም። ምክር ቤት የገባ ሰው ቢያንስ ለቦታው ወረቀት የሚያወጣለት አያጣም ብዬ አስቤ ነበር። ይህን ለዚህ ደብተር ብቻ ነው የምለው።

የካቲት 19

የድጋፍ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። ዛሬ አጠይብ ጾሙን ከፈታ በኋላ መጥቶ ፈረመ። የሼህ ሐምዳን የበኩር ልጅ ነው፣ ለኢተፋ ቀርከሃ የሚያቀርበውም እሱ ነው። ከስሙ ሥር ረጅም መስመር አሰመረ።

እኔን «አንተ» ነው የሚለኝ። አማርኛ የለመደው ከገበያ ስለሆነ ወንድና ሴት አይለይም። ዛሬም «አንተ ብሪቱ፣ ሻይ ጠጣህ? ደከመህ?» አለኝ። ድሮ ኢተፋ ሊያርመው ሞክሮ ነበር፣ እኔ ነኝ ተወው ያልኩት። «አንቺ» ቢለኝ የተቀየመኝ ይመስለኛል።

ሲወጣ በር ላይ ቆሞ፣ ሰዎች አንድ ነገር በስልክ አሰምተውት እንደነበር ነገረኝ። በጾም ወሬ አልሰማም ብሎ ዘጋው። ከዒድ በኋላ እንደሚሰማው ነገረኝ።

የካቲት 29

ለምርጫ ምልክት ወንበር መረጠ። ኢተፋ ራሱ ነው የመረጠው። ሱቄ ውስጥ ሲም ካርድ የሚያወጡ ሁለት ወጣቶች «ወንበር ሠሪው ወንበር አማረው» ተባባሉ። እኔም ሳቅኩ። ጥሩ ቀልድ ነው። ማታ ለኢተፋ ስነግረው ግን አልሳቀም።

መጋቢት 5

መስጊዱ አጠገብ ያለው የሻይ ቤት ባለቤት አራት ወንበር በጋሪ አምጥቶ ሱቄ ፊት ደረደራቸው። ተሰበሩ? አልኩት። አልተሰበሩም። ታዲያ? «ቦታ ጠበበኝ» አለ። ገንዘቤን መልሺ አላለም፣ ዓይኔንም አላየም። ሻይ ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ሰፊ ነው።

መጋቢት 12

ትናንት ዒድ ነበር። እንደየዓመቱ ሁለታችንም እነአጠይብ ቤት ሄድን። እንደገባን ወሬው ቆመ። አጠይብ ተነስቶ አስቀመጠን፣ ምግብ አቀረበ፣ ብዙ አወራ። ከልክ በላይ ሲያወራ አላውቀውም።

በሼሁ ቦታ አሁን ወንድማቸው ተቀምጠዋል። ወንበሩ ላይ አይደለም፣ ከጎኑ ምንጣፍ ላይ። ወንበሩ ባዶውን ነበር። ሽማግሌው እስክንበላ ጠብቀው ኢተፋን በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ፣ ቀስ ብለው ጠየቁት።

«ወንጌላዊ፣ ውርስ እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ንብረት ነው። ማን ሞቶ ነው አንተ የምትወርሰው?»

ኢተፋ ገለጸላቸው። መንፈሳዊ ነገር ነው፣ ምድር ማለት አፈሩ ሳይሆን የሰው ልብ ነው አለ። በአማርኛ ጀምሮ በበርታኛ ጨረሰ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። ሽማግሌው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙትና «ልብ ከሆነ ደህና» አሉ። ማንም ግን ምግብ ድገሙ አላለንም።

ወደ ቤት ስንመለስ ኢተፋ «ገባቸው» አለኝ። እሺ አልኩ። ሼሁ የተቀበሩት በዚያ ሳምንት ነው። እሱም የሰበከው በዚያ ሳምንት ነው። ይህን ማንም አላነሳም። ሁሉም ግን ቀኑን ያውቃል።

መጋቢት 15

ድምፁን ከሱቁ ኮምፒውተር አጠፋሁት። ማን ስልክ ላይ እንዳለ ግን አይታወቅም። አሁን ማጥፋቴ ምን ይጠቅማል? ነጋዴ የሸጠውን ዕቃ ተከትሎ አይሮጥም።

መጋቢት 21

ስድስት ወንበር ከአንድ ሆቴል። ሁለት ከአንዲት አስተማሪ ቤት። አንድ የሕፃን ወንበር፣ ማን እንዳስቀመጠው አላየሁም፣ ጧት በሩ ላይ አገኘሁት።

ኢተፋ ይናደዳል ስል ደስ አለው። ለቅስቀሳ ስብሰባ መቀመጫ ልንከራይ ነበር፣ እግዚአብሔር አቀረበልን አለ። ጓሮ አስገብቶ ደረደራቸው።

መጋቢት 30

አጠይብ ከዒድ ወዲህ ቀርከሃ አላመጣም። በሬው ታሟል አለ፣ ቀጥሎ ልጁ ታመመ አለ። ኢተፋ ከሌላ ሰው ገዛ። ለጋ ቀርከሃ ነው፣ አረንጓዴነቱ ሳይለቀው የተቆረጠ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን አይነካም። እሱ ግን አሁን ጊዜ የለውም። አዲስ ኮት አሠፍቷል። በመስተዋት ፊት ቆሞ «የተከበራችሁ የአሶሳ ነዋሪዎች» ሲል ሰማሁት፣ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ዓይነት ድምፅ።

ሚያዝያ 8

ማንጎ ገባ። ሱቄ ደጃፍ የምትሸጠው ዘነቡ ናት። በልጅነቷ ከወሎ በሰፈራ የመጣች ሴት ናት። ማንጎዋን እየጠረገች እንዲህ አለችኝ፦

«ብሪቱዬ፣ እኛ በመንግሥት መኪና ተጭነን ከመጣን አርባ ዓመት አለፈን። እስከ ዛሬ ‹መሬቴ› የሚለውን ቃል ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ባልሽ በማይክ ተናገረው።»

ማይክ አልነበረም፣ በስልክ ነው የተቀዳው፣ አልኩ። ለምን ይህን እንደመለስኩላት አላውቅም። ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ቀዳው?» አለች። ሰው፣ አልኳት።

ሚያዝያ 13

ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። ለምን እንደሆነ አልተነገረም። ሎዛ ደወለች፣ ክረምት ልምጣ ወይ አለች። ዝናብ ስለሆነ እዚያው ቆዪ አልኳት። ዝናቡ ገና አልጀመረም።

ሚያዝያ 17

ከአዲሶቹ ወንበሮች ሥር ቢጫ ዱቄት አገኘሁ። ነቀዝ ገብቷል። ጠረግኩት። ጧት ተመልሶ ነበር። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ውስጡ ሲበላ ይሰማል።

ሚያዝያ 20

ዲማ ሲሮጥ መጣ። መላ አገኘሁ አለ። ያ ድምፅ ተቆርጧል። ከፊቱ ጸሎት መኖር አለበት፣ ሙሉው ቢሰማ ነገሩ ሁሉ ይጠራል። እሱ በዚያ እሁድ ካማሺ ነበር፣ ስብከቱን አልሰማም። «ሙሉውን ማን ሊኖረው ይችላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እፈልጋለሁ አልኩት።

ሙሉው እኔ ጋ እንዳለ ሁልጊዜም አውቃለሁ። አንዲት ሚሞሪ ላይ፣ መርፌ በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ።

ሚያዝያ 21

ሱቁን ዘግቼ ሰማሁት።

የመጀመሪያው ሠላሳ ደቂቃ ጥሩ ስብከት ነው፣ ስለ ትዕግሥት ነው። ከዚያ እንዲህ ይላል፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦

«ወገኖቼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በሰው መሬት ተቀመጥኩ። ሽማግሌው በዚህ ሳምንት ዐረፉ። ልጆቻቸው ነገ ውጣ ቢሉኝ በእጄ ምን አለ? ወረቀት የለኝም። እኔ ግን ወረቀት ከሰው አልጠብቅም። ሽማግሌው ሄደዋል፣ እኛ አለን።»

ቀጥሎ ያቺ ደቂቃ ተኩል። ሰው ተነስቶ የቆመው ለዚህ ነበር። ግማሹ በሰው መሬት የሚኖር ነው።

በዚያ እሁድ ሳዳምጠው አሜን ያልኩት ሁሉ አብሮ ተቀድቷል። የራሴን ድምፅ ለየሁት።

ይህን ክፍል ለምን እንደቆረጥኩት አላስታውስም። ስለረዘመ ይሆናል።

ሚያዝያ 22

ስለረዘመ አይደለም።

ሚያዝያ 26

ዛሬ አጠይብ መጣ። ከዒድ ወዲህ ሱቄ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ከስቷል። መዝሙር እንዲጫንላት ሚሞሪ ሰጥታኝ የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ነበረች፣ እስክትወጣ አልጠበቀም።

ነገሩን በአጭሩ ነገረኝ። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ለእኛ በመፈረሙ አጎቱ «የአባትህን መሬት በፊርማ ሰጠህ» ይሉታል። ከእኛ ጎን የቆመ ከቤተሰቡ እሱ ብቻ ነው። አሁን ወጣቶቹ እሱንም ሰላም አይሉም። ዲማ ሙሉው ይገኛል ብሎታል።

«አንተ ብሪቱ፣ ስማኝ። ሙሉው አንተ ጋ አለ፣ አውቃለሁ፣ ሁሉንም የምትቀዳ አንተ ነህ። ለእኔ ስጠኝ። እኔ ወስጄ ለሽማግሌ ላሰማ። እነሱ ይሰማሉ፣ ነገር ያልቃል። ሸሪኬ እንዲህ አላለም እላለሁ። ወላሂ፣ እኔ በአባቴ ስም ምያለሁ።»

በአባቱ ስም ምሏል።

ብሰጠው እሱ ራሱ በአደባባይ ያሰማዋል፣ እሱ ራሱ ከሁሉም ጋር አብሮ ይሰማዋል። ባልሰጠው ሽማግሌዎቹ ፊት ባዶ እጁን ይቀርባል። ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ አሰብኩ። ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም፣ ፈጣን ሰው ነኝ።

ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ሁሉም ጠፋ፣ አልኩት።

ኮምፒውተሩ አጠገቤ መዝሙር እየጫነ ነበር። አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ይሞላል። አጠይብ መስመሩን አየ። እስኪሞላ ድረስ አየው። ልጅቷ ሚሞሪዋን ተቀብላ ወጣች።

«እሺ» አለ። «እርስዎ ካሉ።»

ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም። ይህን ቃል እንደሚያውቀው እንኳ አላውቅም ነበር። ለዳኛ፣ ለሐኪም፣ ለማያውቁት ሰው የሚባል ቃል ነው። አጣርቶ፣ ሳይሳሳት ነው ያለው።

ፊቴን ስመልስ ወጥቶ ነበር።

ሚያዝያ 27

ለኢተፋ አልነገርኩትም። የነገ ንግግሩን እየጻፈ ነው።

ግንቦት 2

ዝናቡ ጀመረ። ጓሮ ያሉትን ወንበሮች ይመታቸዋል። ሠላሳ አራት ደርሰዋል። ኢተፋ ለመጨረሻው ቅስቀሳ ፒካፕ ተከራይቷል። በሼሁ ሰፈር በኩል አልፎ ወደ ባምባሲ መንገድ መንደሮች ይወጣል። በሌላ በኩል አይሻልም? አልኩት። «ፈርቼ ዞርኩ እንዲሉ?» አለኝ።

ሚሞሪዋ አሁንም ቆርቆሮው ውስጥ አለች። ልሰብራት ይዣት ወጥቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኳት።

ግንቦት 5

ሁለት ሰዎች ገብተው ቻርጀር ጠየቁ። የዚህ ሰፈር ሰዎች አይደሉም፣ ትሑቶች ናቸው። ቻርጀሩን እያዩ አንዱ ዕጩው ነገ በስንት ሰዓትና በየት በኩል እንደሚወጣ ጠየቀኝ። ሰዓቱን ነገርኩት። መንገዱንም ነገርኩት። ደንበኛ ሲጠይቀኝ መመለስ ልማዴ ነው።

ቻርጀሩን ሳይገዙ ወጡ።

ምናልባት ሊሰሙት የፈለጉ ይሆናሉ። ብዙ ሰው ይሰማዋል።

ግንቦት 5፣ ማምሻውን

ከላይ ያለውን ጽፌ ሳልጨርስ አጠይብ መጣ። በጋሪ አይደለም፣ በጀርባው ተሸክሞ ነው። የሼሁን ወንበር።

ከሌሎቹ ጋር አልቀላቀለውም። በረንዳችን ላይ፣ ፊቱን ወደ ቤታችን አድርጎ አቆመው። የኋላ ቀኝ እግሩ ለዓመታት ላልቶ ነበር፣ ኢተፋ ላጥብቀው ሲል ሼሁ «ተወው፣ ለምጄዋለሁ» ይሉ ነበር። አሁን ጠብቋል። በአዲስ ገመድ፣ በንጹሕ እጅ ተጠፍሯል። ጠግኖ ነው የመለሰው። የሚያወቃቅሰን ምንም እንዳይቀር አድርጎ።

አላናገረኝም። እኔም አላናገርኩትም። ዝናብ ውስጥ ሄደ፣ ሰንደል ጫማው ጭቃ እየያዘበት።

ኢተፋ ከስብሰባ ሲገባ በር ላይ ቆመ። በእጁ ዳሰሰው። የመጀመሪያ ሥራውን እጁ አልረሳውም።

«አጠይብ ነው ያመጣው?»

አዎ አልኩት።

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም» አልኩ። እውነት ነው።

ሲዞር ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ደስ ብሎት ነበር። ብሪቱ፣ አየሽ፣ አለኝ፣ ከሁሉም ቀድሞ ነገሩ የገባው እሱ ነው፣ ለምልክቴ የአባቱን ወንበር ሰጠኝ፣ እግሩን ሳይቀር አጥብቆ። ከዚያ ገመድ ይዞ ወጣ፣ ለነገ ፒካፑ ጣሪያ ላይ ሊያስረው።

አሁን ልነግረው እችላለሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ ግን ሌላ ዐረፍተ ነገር ይጠይቀኛል፣ ከዚያም ሌላ፣ መጨረሻው ቆርቆሮዋ ናት።

ግንቦት 6

ጧት አንድ ሰዓት። ዝናቡ አባርቷል።

ዘነቡ ማንጎዋን ሳታወርድ መኪናውን አየች። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ወንበሩን ታውቀዋለች፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። «ብሪቱ» አለችኝ። ዘንቢሏን አንስታ ወደ መጣችበት ተመለሰች።

ዲማ ድምፅ ማጉያውን ሞከረው። ኢተፋ በአዲሱ ኮቱ ከፊት ተቀመጠ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ጸልዪልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት።

መኪናው ወደ ሼሁ ሰፈር ሲታጠፍ የሟቹ ወንበር ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ፣ ባዶውን፣ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ነበር። ስልኬ በእጄ ነበር። የኢተፋ ቁጥር ወጥቶ ነበር።

አልደወልኩም። ሱቁን ከፈትኩ።